ፍልፈሊትና ቁልቁል የማይሄደው ታኮ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ፤ ጆሮው የደከመ ከጎረቤቱ ይዋስ። ተረት ልተርት ነው። የምለው ሁሉ እውነት ነው፤ ጨመር ያደረግሁት ቢኖር እንደ ጨው ነው፣ ለማጣፈጥ።

ድሮ ድሮ፣ ገብስ እንደ ሸንበቆ ረዝሞ፣ አንዷን ዛላ ለማጓጓዝ ሁለት አህያ በሚያስፈልግበት በዚያ ደግ ዘመን፣ በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ዳለቻ የሚባል በሬ ነበር። በሬ አልኳችሁ? ተራራ ነው እንጂ! በግራ ቀንዱ ላይ የሰፈሩ ወፎች በቀኝ ቀንዱ ላይ የሰፈሩትን አይተዋቸው አያውቁም፤ ቋንቋቸው ሳይቀር ተለያይቶ ነበር። ማዛጋት ጠዋት ጀምሮ ከቀትር በኋላ ይጨርሳል። ሲያስነጥስ ከወንዝ ማዶ ያለው መንደር በሙሉ ብድግ ብሎ «ይማርህ!» ይላል።

ይህ ዳለቻ ጓደኛ ሳይጠመድለት፣ ብቻውን ሜዳውን ሁሉ ያርስ ነበር። የሚያርሰውም ለአንድ ጌታ አልነበረም። እንስሳቱ ተሰብስበው እንዲህ ተስማምተዋል፦ የዳለቻ እርሻ የሁላችን ይሁን፤ ድርሻ ያለው ሁሉ የዳለቻ ኮቴ የተቀረጸበት የወይራ እንጨት ይያዝ፤ አዝመራ ሲገባ ለአንድ እንጨት አንድ ቁና ገብስ ይሰፈርለት። ተስማሙ፤ አረሰላቸው፤ በሉ፤ ጠገቡ።

ጥጋብ ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም። አንዱ «እንጨትህን ሽጥልኝ» አለ፤ ሌላው «ስንት ትሰጠኛለህ?» አለ፤ እያለ እያለ ሐሙስ ሐሙስ ከትልቁ ዋርካ ሥር የእንጨት ገበያ ቆመ። ዋርካው ሰባት ቅርንጫፍ አለው። የገበያው አዋጅ ነጋሪ አለቃ ቁራ ነው። ቁራ አንደኛው ቅርንጫፍ ላይ ከተቀመጠ አንድ እንጨት በአንድ ቁና ገብስ ይሸጣል፤ ሁለተኛው ላይ ከወጣ በሁለት ቁና። ፈላጊ ሲበዛ ቁራ ይወጣል፤ ሻጭ ሲበዛ ቁራ ይወርዳል። በዚያ ደግ ዘመን ግን ቁራ መውረድን ረስቶ ነበር።

ከዚያ ሜዳ በታች፣ ከመሬት ውስጥ፣ እመት ፍልፈሊት ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። የፍልፈል ዓይን እንደምታውቁት ለወጉ ያህል የተቀመጠ ነው። ጆሮዋ ግን! ሁለት ጉንዳኖች ሲማከሩ ሦስተኛው ምን እንዳሰበ ትሰማለች።

ፍልፈሊት ከሁሉ ድምፅ የምትወደው የዳለቻን እርምጃ ነበር። ልጅ ሳለች እናቷ ጆሮዋን ከጣሪያው አፈር ላይ አስደግፋ «ስሚ ልጄ፣ ይሄ ነው የእኛ ዘመን» ትላት ነበር። ከላይ ዳለቻ ሲያልፍ ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም። አፈሩ ከጣሪያው ብን ብን እያለ አፍንጫቸው ላይ ይወርዳል። እናትና ልጅ እየሳቁ ያስነጥሳሉ። ያንን ድምፅ እየሰማች ተኛች፣ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች፣ እናቷን ቀበረች።

እናቷ ስትሞት ሁለት ነገር አወረሰቻት። አንደኛው ሠላሳ እንጨት ነው። ሁለተኛው ታኮ ነው፤ ሸክም ሽቅብ ሲገፋ ወደ ኋላ እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚጣል ድንጋይ። መጠኑ የጡጫ ያህል ነበር፤ ጠባዩ ግን የገደል ያህል ነው። ብዙም አያወራም። ሲያወራም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ሽቅብ ስትሄጂ አስከትዪኝ። ቁልቁል ግን አትጥሪኝ።»

አሁን የፍልፈሊትን ጭንቅ ስሙ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ጉድጓዷ ገብቶ ከሰባት ልጆቿ ሁለቱን ወስዶባት ነበር። ውኃ የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እሱም እሷ የተወለደችበት ጉብታ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አያ ከርከሮ ገብቶበታል። ፍልፈሊት ሄዳ ለመነችው።

«አያ ከርከሮ፣ ጉብታውን ልቀቅልኝ። ልጆቼ አለቁብኝ።»

«እለቃለሁ» አለ ከርከሮ፣ ጥርሱን ድንጋይ ላይ እየሳለ። «መቶ አርባ ቁና ገብስ አምጪ። እንጨት እንዳታመጪብኝ፤ እንጨት አይበላም። ሰማይ አንድ ጊዜ ካጉረመረመ ደግሞ አልሸጥም፤ ለክረምት እኔው እተኛበታለሁ።»

ያን ጊዜ ግንቦት ገብቷል። ቁራ አራተኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ፍልፈሊት ሠላሳውን እንጨት ሁሉ ብትሸጥ መቶ ሃያ ቁና ታገኛለች፤ አይበቃም። ትንሽ ብትቆይ ግን ቁራ ይወጣል፣ ይበቃታል። እየቆየች ሳለ አንድ ቀን ጆሮዋን ከጣሪያው አስጠጋች።

ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም። ዳለቻ ትልሙን ጨርሶ ሊዞር ሲል ዝም አለ።

ዝምታው የጤፍ ፍሬ ያህል ነበር። ከሜዳው እንስሳ አንድም የሰማው የለም። ፍልፈሊት ግን ልቧ ስንጥቅ አለ። ዳለቻ ትልም መጨረሻ ላይ ቆሞ አያውቅማ!

ሐሙስ ሲሆን ሲሶውን፣ አሥሩን እንጨት ተሸክማ ገበያ ወጣች። የገበያው ደላላ ሽኮኮ ነው፤ ድንጋይ ላይ ቆሞ «ያልገዛ ይቆጨዋል!» ሲል ድምፁ ከሰውነቱ አርባ እጥፍ ይበልጣል።

«እመት ፍልፈሊት! ምነው፣ ታምመሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አሥር እንጨት ሽጥልኝ።»

«ደህና የሆነ ዛሬ ይሸጣል? ምን ነክቶሽ ነው?»

«ዳለቻ ትልም መጨረሻ ላይ ቆም ሲል ሰማሁት።»

«ቢቆምስ? ሽንቱ መጥቶበት ነዋ!»

ገበያው በሳቅ አለቀ። አህያ ሳቋ አልቆም ብሏት እስከ ማግስቱ አናፋች። ሰጎን አሥሩን እንጨት በአርባ ቁና ገዛች፤ ፍልፈሊትም ገብሷን ጎተራ አስገባች።

ከዚያ ምን ሆነ? ቁራ ወጣ! አምስተኛው ላይ፣ ስድስተኛው ላይ፣ በመጨረሻም ሰባተኛው ጫፍ ላይ ሆኖ ከደመና ጋር እየተጋፋ ጮኸ። ሽኮኮ በየሐሙሱ ወደ ፍልፈሊት በር እየመጣ አንገቱን ያስገባል።

«እመቴ፣ አሥሩን አቆይተሽ ቢሆን ዛሬ ሰባ ቁና ነበር። ሰባ! አንቺ አርባ ይዘሽ ቁጭ አልሽ። ታሳዝኚኛለሽ እኮ!»

ልጆቿም «እማዬ፣ ለምን ሸጥሽ?» ይሏታል። ፍልፈሊት ወደ ጓዳዋ ትገባለች። እዚያ ከግድግዳው ላይ በጥፍሯ የጫረቻቸው ሰባት እርከኖች አሉ፤ ሰባቱ የዋርካው ቅርንጫፎች መሆናቸው ነው። ቁራ አንድ ቅርንጫፍ በወጣ ቁጥር ታኮን አንድ እርከን ወደ ላይ ታወጣዋለች፤ ሁልጊዜ ከቁራ ሁለት እርከን ዝቅ ብሎ ይከተላል። ቁራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ታኮ አምስተኛው ላይ ተቀመጠ።

«እዚህ ነኝ» አለ ታኮ። «ቁራ እኔ ጋ ከወረደ ትሸጫለሽ። ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው» አለች። ቃል መስጠት ቁራ ከላይ ሆኖ ሲጮኽ ቀላል ነው።

በሜዳው ግን እብደት ገባ። ጥንቸል የዘር ገብሷን ሰጥታ እንጨት ገዛች። ሽኮኮ ራሱ አያት ቅድመ አያቱ የኖሩበትን የድንጋይ ዋሻ ለጃርት ሰጥቶ ሃያ እንጨት ተሸከመ። ሁሉም አንጋጦ ቁራን ያያል፤ አንገታቸው ከማንጋጠጥ ብዛት ወደ ኋላ ታጥፎ የቀረ ብዙ ናቸው። ዳለቻን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። ብቻ አያ ጅቦ ያያል። መጀመሪያ ከወንዝ ማዶ ነበር የተቀመጠው። በሁለተኛው ሳምንት ወንዙን ተሻግሮ ቁጥቋጦ ሥር ተጋደመ።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ድርሻ አትገዛም?» አለው ሽኮኮ።

«እኔ በቁና መሰፈር አልወድም» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ። «ሙሉውን በአንድ ቀን ነው የምወስደው።»

ፍልፈሊት አንድ ቀን አዲስ ድምፅ ሰማች። ድም፣ ድም፣ ድም፣ ሸርተት። ድም፣ ድም፣ ድም፣ ሸርተት። አራተኛው እግር ይጎተታል። አላስችል ብሏት በጠራራ ፀሐይ ከጉድጓዷ ወጣችና ትልሙ መጨረሻ፣ ጥላ ሥር ቆሞ ወደሚያለከልከው በሬ ሄደች።

«ጋሼ ዳለቻ፣ እንደምን ዋሉ?»

ዳለቻ ወደ ታች ለማየት ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ አንገቱ ረጅም መንገድ ነበረው። «አንቺ የእነዚያ ባለ ሳቅ ፍልፈሎች ልጅ አይደለሽም? እኔ ሳልፍ ከሥር የሚስቁት?»

«ይሰሙን ነበር?»

«እንዴት አልሰማ! ከእግሬ ሥር የሚስቅ ሲኖር እርሻ ይቀላል። ትልሙን አንዳንድ ጊዜ በእናንተ በኩል አዞረው ነበር እኮ፤ ሳቃችሁን ፈልጌ።»

ፍልፈሊት ጆሮዋን ወደ ኮቴው አስጠጋች። ዳለቻም «ለመሆኑ ቁራው ዛሬ ስንተኛው ላይ ነው?» አላት።

«ሰባተኛው ላይ።»

ዳለቻ ሳቀ፤ ሳቁ ሦስት ዛፍ ነቀለ። «እኔ ሁለተኛውን ትልም መጨረስ አቅቶኛል፣ እሱ ሰባተኛው ላይ ነው? ማንን አይቶ ነው የወጣው?»

«ጋሼ፣ የእርስዎን እንጨት መሸጥ እርስዎን መክዳት ይመስለኛል። እናቴ በእንጨትዎ ነው ያሳደገችኝ።»

«ስሚኝ ልጄ፤ እኔን መውደድና እኔ ላይ መጫን ለየቅል ነው። ውደጂኝ፤ ጭነትሽን ግን አውርጂልኝ። ከብዶኛል።»

በዚያ ሐሙስ ቁራ ወደ ስድስተኛው ወረደ፤ መልሶ ለመውጣት ክንፉን አራገበ፣ ከሰባተኛው ሳይደርስ ተመልሶ ስድስተኛው ላይ ተቀመጠ። «እያረፈ ነው!» አለ ሽኮኮ። ፍልፈሊት ግን ሁለተኛውን ሲሶ አወጣች።

«ልብ በሉ፤ ዳለቻ እግሩን ይጎትታል» አለች ለገዢው ሁሉ።

«ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ የበሬ ሐኪም ሆነች!» አለች ጥንቸል። አሥሩን በስልሳ ቁና ገዛች። አርባና ስልሳ፣ ጎተራው መቶ ሞላ። አርባ ቁና ቀረ።

የሚቀጥለው ሐሙስ መጣ። ጅብ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ገበያው መሀል ቁጭ አለ። ቁራ አምስተኛው ላይ ወረደ። ታኮ ካለበት ማለት ነው።

ፍልፈሊት እጇ ላይ አሥር እንጨት ቀርቷታል። አሥሩንም አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። እናቷ እናቷ ይሸታሉ። ያ ሁሉ ገብስ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ አፍንጫ ላይ ብን የሚል አፈር ታወሳት። ሰባተኛው ቅርንጫፍም ታወሳት፤ አይ ሰው ሆይ፣ ትዝታ ዋጋም ያስታውሳል።

«ታኮዬ፣ አንድ እርከን ብቻ ዝቅ በልልኝ።»

«አልልም።»

«ቁራ ይመለሳል። ሁልጊዜ ይመለስ ነበር።»

«ሁልጊዜ የነበረው በሬ ሌላ ነበር።»

«አንድ ሐሙስ ብቻ!»

«ቁልቁል አትጥሪኝ ብያለሁ።»

በአፍንጫዋ ገፋችው፤ ታኮ እንደ ጉብታው ከበደ። በእግሯ ረገጠችው፤ አልነቃነቅ አለ። በንዴት በጥርሷ ነከሰችው፤ ጥርሷ ወደ ውጭ ተገለበጠ። የፍልፈል ጥርስ እስከ ዛሬ ከከንፈሯ ውጭ የቀረው ለዚህ ነው፤ ያላመነ አንዷን ይዞ ይይ። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከላይ ዳለቻ አለፈ። ድም፣ ድም፣ ሸርተት፣ ሸርተት። ለቅሶዋን አቋርጣ ሰማች። ሁለት ልጆቿን የወሰደው ውኃም እንደዚሁ በዝግታ ነበር የመጣው።

ዘጠኙን እንጨት ተሸክማ ወጣች። አንዱን፣ እናቷ መጀመሪያ የያዘችውን፣ አልጋዋ ሥር ተወችው።

«በአምስት ቁና? ርካሽ!» አለ ሽኮኮ፤ ዘጠኙንም ራሱ ገዛ። አርባ አምስት ቁና ሰፈረላት፤ ከጎተራው የመጨረሻዋን ፍሬ ሲያራግፍ ጎተራው ባዶነቱን ተናግሮ «ቋ!» አለ።

«ሽኮኮ፣ ስማኝ፤ በሬው ደክሟል።»

«እመቴ፣ አንቺ ጆሮ አለሽ፣ እኔ ዓይን አለኝ። ቁራው ገና አምስተኛው ላይ ነው!»

ያን ዕለት ፍልፈሊትና አምስት ልጆቿ ገብሱን ወደ ጉብታው ሲያጋዙ ዋሉ። ከርከሮ እየሰፈረ ይቆጥራል። መቶ ሠላሳ ስምንት፤ ሰማዩ ጠቆረ። መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፤ ነፋሱ ተነሣ። መቶ አርባ!

ጉም! አለ ሰማይ።

ከርከሮ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢያጉረመርም ምን ነበረበት?» አለና እያጉተመተመ ገብሱን ይዞ ወደ ዱር ሄደ። ፍልፈሊት አምስት ቁና ተርፏት እናቷ ቤት ገባች።

በማግስቱ ዳለቻ ትልሙ መሀል ተንበረከከ፣ ከዚያም ተኛ። ቁራ ከአምስተኛው ወደ አራተኛው አልወረደም፤ ወደቀ እንጂ! ቅርንጫፍ ጨርሶ መሬት ላይ ቆመ። እንስሳቱ እንጨታቸውን ተሸክመው «ማን ይገዛል? ማን ይገዛል?» ይላሉ፤ ሁሉም ሻጭ ነው። በዳለቻ ዙሪያ ተሰብስበውም ይጮኹ ጀመር። «ተነሥ! በአርባ ቁና የገዛሁህ!» ትላለች ሰጎን። «የዘር ገብሴን የከፈልኩብህ!» ትላለች ጥንቸል። ዝናቡ ወረደ፤ እንዴት ያለ ዝናብ፣ አንዱ ጠብታ እንስራ ይሞላል! ሜዳው ባሕር ሆነ። እየጮኹ ተበተኑ። ዳለቻ ብቻውን ቀረ። ከአጠገቡ ጅብ ቁጭ ብሏል።

ፍልፈሊት ታኮን እየገፋች ከጉብታው ወረደች። ታኮ ያን ቀን ብቻ ቁልቁል ሲሄድ አላጉረመረመም፤ ሽቅብ የሚወጣ ሸክም ከታች ይጠብቀው ነበርና።

«ጋሼ፣ ይነሡ።»

«ለማረስ ነው?»

«አይደለም። ለመጦር ነው።»

ዳለቻ ፊተኛ እግሩን አነሣ፣ ጭቃው ውስጥ ተከለ። ወደ ጉብታው ዳገት አቀና። ጅብ ከኋላ ተከተለ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ቢንሸራተት ይበቃኛል» ይላል። ዳለቻ አንድ እርምጃ ሲወጣ ፍልፈሊት ታኮን ከኋለኛ እግሩ ሥር ትጥላለች። በሬው ያን ሁሉ ክብደቱን ሲያሳርፍበት ታኮ «እዚህ ነኝ» ይላል። አንድ እርምጃ፣ ታኮ። አንድ እርምጃ፣ ታኮ። ልጆቿ አምስቱም በአፍንጫቸው ይገፋሉ። እኔ እንደሰማሁት ዳገቱ ሦስት ሺህ እርምጃ ነበር፤ አንዷንም ወደ ኋላ አልተንሸራተተም። ጀንበር ሳትጠልቅ ጫፉ ላይ ደረሱ። ጅብ ከግርጌው ምራቁን ውጦ ተመለሰ።

ከዝናቡ መሀል ሌላም ድምፅ መጣ፤ የሚያስል፣ የሚንቀጠቀጥ። ሽኮኮ ነበር። ዋሻውን ጃርት ከልክሎታል። ሃያ ዘጠኝ እንጨት ተሸክሟል።

«እመት ፍልፈሊት… ለማገዶም ቢሆን አያንሱም ብዬ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ግባ» አለችው። «ግን ቁራው ስንተኛው ላይ ነው እንዳትለኝ።»

ከአምስቱ ቁና ሦስቱን በሉ፣ አንዱን ለዳለቻ ሰጡ፣ አንዱን ለዘር አስቀመጡ። ሜዳው ሁሉ ዘሩን በእንጨት ለውጦ ጨርሶ ነበርና፣ ዛሬ የምንበላው ገብስ በሙሉ የዚያች የአንዷ ቁና ልጅ ነው። አልዋሽም፤ ገብሱን ጠይቁት።

ዳለቻ ጉብታው ላይ ሁለት ዓመት ኖረ። አላረሰም። ቀትር ላይ ብቻ ይነሣና ጉብታውን አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ድም፣ ድም፣ ሸርተት። ከሥር ፍልፈሊት ልጆቿን በተራ ከጣሪያው አስጠግታ «ስሙ፣ ይሄ ነበር የእኛ ዘመን» ትላቸዋለች። አፈሩ ብን ብሎ አፍንጫቸው ላይ ይወርዳል፣ ያስነጥሳሉ፣ ይስቃሉ። ከላይ በሬው እርምጃውን ገታ አድርጎ ሳቁን ያዳምጣል። አንድ ቀን ቀትር ሆነ፤ ድምፁ አልመጣም። ፍልፈሊት ጆሮዋን ከአፈሩ ሳታነሣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ያቺን አንዷን ያልሸጠቻትን እንጨት ከአልጋዋ ሥር አውጥታ በሯ ላይ ሰቀለቻት። አንድ ፍሬ ገብስ አታወጣም፤ እሷ ግን ለመቶ አርባ ቁናም አትሰጣትም ነበር።

ስለዚህ ሽቅብ የሚወጣ ታኮውን ያስከትል። ቁራውን ሳይሆን የበሬውን እግር ይስማ። ደግ ዘመን ሲደክም ገብሱን ለጎተራ፣ ትዝታውን ለበር፤ ሁለቱን የቀላቀለ ሁለቱንም ያጣል።

እኔ ጨረስኩ። የተጋነነውን ለኔ መልሱልኝ፣ እውነቱን እናንተ ያዙት፤ አፌን ግን በገብስ ቆሎ ዝጉልኝ።